ለምንጠላው ሰው የምንይዘው ሚዛን

የሰው ልጅ ፍትሐዊነት የሚፈተነው የት ላይ ነው? ለወዳጁ ሲመሰክር ነው ወይስ ለሚጠላው? ለወዳጅ በጎ መመስከር ከባድ አይደለም፤ ልብም ምላስም ወደዚያው ያዘነብላሉና። ለማናውቀው ሰው ፍትሐዊ መሆንም ያን ያህል አያስጨንቅም፤ ከርሱ የምናተርፈውም ሆነ የምንከስረው ነገር የለምና። ትልቁ ፈተና የሚመጣው ስሙ ሲጠራ ፊታችን የሚቋጠርበት ሰው ሲከሰስ ነው። ያን ጊዜ የተባለበት ሁሉ እውነት ይመስለናል። ሌላ ቢጨመርበትም ደስ ይለናል። «አሉ» ተብሎ የደረሰንን ወሬ «ነው» ብለን ለሌላው እናሻግራለን።

ውድ አንባቢያን! ይህን ጥያቄ ቀረብ ብለን ለማየት እንዲረዳን ከሀገራችን በጣም የራቀ አንድ ጉዳይ እናንሣ። ጉዳዩ በአሜሪካ አንድ የስፖርት ቡድን ለሽያጭ በቀረበበት ጊዜ በደጋፊዎች፣ በተጫዋቾችና በጋዜጠኞች መካከል የተነሣ ክርክር ነው። የስፖርት ወሬ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት አደራ። ኳሱ የነርሱ ቢሆንም ፈተናው የሁላችንም ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየውና ቡድኑ

አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉት ጨዋታ እኛ ከምናውቀው እግር ኳስ የተለየ ነው። ኳሱ ሞላላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በእጅ ይያዛል። ትልቁ ሊጋቸው ኤንኤፍኤል ይባላል፤ 32 ቡድኖችም አሉት። በዚህ ሊግ ውስጥ አንድ ሰው ገንዘብ ስላለው ብቻ ቡድን መግዛት አይችልም። ከ32ቱ ቡድኖች ባለቤቶች ቢያንስ የ24ቱን ድምፅ ማግኘት አለበት። በሌላ አነጋገር ነባሮቹ ባለቤቶች አዲሱን ሰው «ሸሪካችን ይሁን» ብለው ሊቀበሉት ይገባል።

ከነዚህ ቡድኖች አንዱ ራምስ ነው። ራምስ በ1995 ከሎስ አንጀለስ ተነሥቶ በሚዙሪ ክፍለ ግዛት ወደምትገኘው የሴንት ልዊስ ከተማ መጣ። በጃንዋሪ 2000 የሊጉን ታላቅ ዋንጫ ወስዶ ከተማዋን አስፈነደቀ። ከዚያ በኋላ ግን ደከመ። በ2008 የውድድር ዘመን ካደረጋቸው 16 ጨዋታዎች ያሸነፈው ሁለቱን ብቻ ነበር። የቡድኑ ባለቤት የነበረችው ሴትዮ በ2008 መጀመሪያ ስትሞት ቡድኑን ልጆቿ ወረሱ፤ በ2009ም ለገበያ አቀረቡት።

በኦክቶበር 2009 ራሽ ሊምቦ የተባለ ሰው ቡድኑን ከሚገዙት ሰዎች ጋር መሻረኩ ተሰማ። ሊምቦ በ1951 እዚያው ሚዙሪ ውስጥ የተወለደ የራዲዮ ሰው ነው። ከ1988 ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ ፌብሩዋሪ 2021 ድረስ በመላ አሜሪካ የሚተላለፍ የፖለቲካ ፕሮግራም ነበረው። ሚሊዮኖች ይሰሙት ነበር፤ ሚሊዮኖችም ይጠሉት ነበር። ንግግሩ የሚያሾፍ፣ የሚወጋ፣ ተቃዋሚውን የሚያዋርድ ነበር። ሀብታምም ስለነበር የገንዘብ ጥያቄ አልነበረበትም። የነበረበት ጥያቄ የምላሱ ነበር።

የተነሣው ክርክር

ነገሩ እንደተሰማ የከተማዋና የሀገሪቱ ስፖርት ወዳድ በየጎራው ተሰለፈ። አንደኛው ወገን «ገንዘቡ የራሱ ነው፤ ሕግ አልጣሰም፤ በፖለቲካ አቋሙ ምክንያት ሰው ንብረት እንዳይገዛ መከልከል ግፍ ነው» አለ። ሁለተኛው ወገን «በሊጉ ከሚጫወቱት ወጣቶች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ጥቁሮች ናቸው፤ ጥቁሮችን ሲያዋርድ የኖረ ሰው እንዴት ጌታቸው ይሆናል?» ሲል ጠየቀ። ሦስተኛው ወገን ደግሞ ሁለቱንም ሰልችቶ «ቡድናችን ይሸነፋል፤ የሚያሸንፍ ቡድን የሚሠራልን ይምጣ እንጂ ማንም ይግዛው» አለ።

ለሁለተኛው ወገን የሚሆን ማስረጃ ነበረ። ሊምቦ በ2003 በአንድ የስፖርት ቴሌቪዥን ጣቢያ ተንታኝ ሆኖ ተቀጥሮ ሳለ ዶኖቫን ማክናብ ስለተባለ ጥቁር ተጫዋች ሲናገር፣ ልጁ ከሚገባው በላይ የተወደሰው ጋዜጠኞች ጥቁር ኳርተርባክ እንዲሳካለት ስለሚፈልጉ ነው አለ። ኳርተርባክ ማለት የቡድኑን ማጥቃት የሚመራው ተጫዋች ነው። ይህ ንግግር ቁጣ ስላስነሣ ሊምቦ በቀናት ውስጥ ሥራውን ለቀቀ። በ2007ም በራዲዮው ላይ የሊጉን ጨዋታ በሎስ አንጀለስ ከሚታወቁ ሁለት የወሮበላ ቡድኖች ፍልሚያ ጋር አመሳስሎ፣ የሚቀረው መሣሪያ ብቻ ነው የሚል ይዘት ያለው ንግግር አደረገ። እነዚህ ሁለት ንግግሮች በአደባባይ የተነገሩ፣ የተቀዱና የማይካዱ ናቸው።

ስለዚህ ተጫዋቾች ተናገሩ። ከነርሱ አንዱ የኒው ዮርክ ጃያንትሱ ማታያስ ኪዋኑካ ነበር። ይህ ወጣት የኡጋንዳ የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩትና በኢዲ አሚን ዘመን የተገደሉት የቤኔዲክቶ ኪዋኑካ የልጅ ልጅ ነው። እርሱም ሊምቦ ድርሻ በያዘበት ቡድን ውስጥ መጫወት እንደማይፈልግ ገለጸ። የተጫዋቾች ማኅበር መሪ ተቃውሞውን ለማኅበሩ አመራር በጽሑፍ አሰማ። ከባለቤቶቹም የኢንዲያናፖሊሱ ጂም ኢርሴ ድምፁን እንደማይሰጠው በግልጽ ተናገረ። የሊጉ ኮሚሽነርም ከፋፋይ ንግግር የሊጉ ጠባይ አይደለም አለ። ኦክቶበር 14 ቀን 2009 የገዢዎቹ መሪ ዴቭ ቼኬትስ ሊምቦን ከሽርክናው አስወጣው። ሊምቦ በአስተዳደሩ ምንም ሥልጣን የማይኖረው ተራ ባለድርሻ ሊሆን ታስቦ እንደነበርም አስታወቀ። ክርክሩ ከተጀመረ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር።

ድምፅ መንፈግ ግፍ ነውን?

እዚህ ላይ ቆም ብለን የመጀመሪያውን ጥያቄ እንመልስ። ሰው በተናገረው ነገር ምክንያት ሽርክና ቢነፈግ ተበደለ ይባላልን?

ሰውን ከቤቱ ማስወጣት፣ ንብረቱን መውረስ፣ እንጀራውን መቁረጥ አንድ ነገር ነው። ሸሪክ አድርጎ አለመቀበል ግን ሌላ ነገር ነው። ሽርክና አማና ነው። ነጋዴ ሸሪኩን ሲመርጥ ገንዘቡን ብቻ አያይም፤ ምላሱንም ጠባዩንም ያያል፤ የሸሪኩ ስም የርሱም ስም ይሆናልና። በመርካቶ ሱቅ ሁለት ሰዎች ሲሻረኩ የሚጠያየቁትን ጥያቄ 32 የቡድን ባለቤቶች ቢጠያየቁ ምን ያስገርማል? ደግሞም በሜዳ ላይ አጥንቱ የሚሰበረው ወጣት ማን እንደሚያሠራው ቢጠይቅ መብቱ ነው።

«ነገ ደግሞ በፖለቲካ አቋሙ ብቻ ሰው ይከለከላል» የሚለው ሥጋት ግን ቀላል አይደለም። ሥጋቱ እንዲቀልል አንድ መስመር መሰመር አለበት። ስለ ግብር፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ምርጫ የተለየ ሐሳብ መያዝ አንድ ነገር ነው። ነገ በሥርህ የሚሠሩትን ሰዎች በዘራቸው ወይም በቆዳ ቀለማቸው ዝቅ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ ነው፤ በክርክር ይመለሳል። ሁለተኛው ግን የሰው ክብር መንካት ነው። በዚህ መስመር ብንሄድ ለሊምቦ ድምፅ አልሰጥም ያለ ባለቤት ግፍ ሠርቷል ማለት ያስቸግራል።

እንግዲህ ፍርዱ ትክክል ሊሆን ከቻለ ችግሩ የቱ ላይ ነው?

ያልተባለው ቃል

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ክርክሩ በጦፈባቸው በነዚያ ቀናት ሁለት ሌሎች ጥቅሶች በጋዜጣና በቴሌቪዥን ይዞሩ ጀመር። አንደኛው ሊምቦ የባርነት ሥርዓት መልካም ጎን ነበረው እንዳለ የሚናገር ነው። ሁለተኛው ደግሞ በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግን የገደለውን ሰው እንዳመሰገነ የሚናገር ነው። እነዚህን የሰማ ሰው ደሙ ቢፈላ አይፈረድበትም። ደጋፊዎች እየተቀባበሉ አወሩት፤ አምደኞች ጻፉበት፤ የቴሌቪዥን አቅራቢዎችም አነበቡት።

ሊምቦ ግን «አላልኩም» አለ። ማስረጃው ሲፈለግ የራዲዮው ቅጂም፣ ቀንም፣ ሰዓትም ጠፋ። ጥቅሶቹ በአንድ በ2006 በታተመ መጽሐፍና ማንም ሰው ሊጽፍበት በሚችል የኢንተርኔት ገጽ ላይ ነበሩ እንጂ መነሻቸውን የሚያሳይ አልተገኘም። ከቴሌቪዥን አቅራቢዎች አንዱ ጥቅሱን ሳያረጋግጥ ማቅረቡን በይፋ አመነ። ሌሎችም ቃላቸውን ለመመለስ ተገደዱ። ሊምቦም በዎል ስትሪት ጆርናል ጋዜጣ ላይ ባሳተመው ጽሑፍ እነዚህን የሐሰት ጥቅሶች ጋሻው አደረጋቸው።

ይህ የሐሰት ጥቅስ ማንን ጎዳ? መጀመሪያ የተወራበትን ሰው ጎዳ። የማይወደድ ሰውም ቢሆን ያላለውን አለ ማለት በደል ነው፤ የተበዳዩ ጠባይ በደሉን አይሽረውም። ሁለተኛ ያመነውን ሕዝብ ጎዳ። ሦስተኛው ተጎጂ ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው፤ እርሱም ራሱ እውነተኛው ክስ ነው። የ2003ና የ2007 ንግግሮች ብቻቸውን በቂ ነበሩ። ማክናብም፣ ኪዋኑካም፣ የተጫዋቾቹ ማኅበርም ከነርሱ ሌላ አያስፈልጋቸውም ነበር። የሐሰቱ ጥቅስ ሲጨመር ግን ለሊምቦ ወገኖች «አያችሁ፣ ሁሉም ውሸት ነው!» የሚሉበት በር ተከፈተላቸው። በሐቅ ላይ የተጨመረ ውሸት ሐቁን አያጠነክረውም። ንጹሕ ወተት ላይ ውኃ የጨመረ ሰው ወተቱን አበዛሁ ቢልም የሚያተርፈው ገዢው በወተቱ ሁሉ ላይ እንዲጠራጠር ማድረግ ብቻ ነው።

አበው «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይላሉ። መላ ጨምርበት አሉ እንጂ ወሬ ጨምርበት አላሉም።

እኛስ ብንሆን?

አሁን ጉዳዩን ወደ ራሳችን እናምጣው። ሙስሊም የሆነ ሰው ሊምቦን የሚጠላበት የራሱ ምክንያት አለው። በ2004 በኢራቅ አቡ ግራይብ እስር ቤት የአሜሪካ ወታደሮች በእስረኞች ላይ የፈጸሙት ነውር በፎቶግራፍ ተጋልጦ ዓለም ሲያለቅስ፣ ይህ ሰው ድርጊቱን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አዲስ ገቢ ጓደኞቻቸውን ሲቀበሉ ከሚያደርጉት ቀልድ ጋር አመሳሰለው። ወታደሮቹ ጭንቀታቸውን እያራገፉ እንደነበረ አድርጎም አቃለለው። እነዚያ እስረኞች የሰው ልጆች ነበሩ፤ አባቶች፣ ወንድሞች፣ ልጆች ነበሩ። የተሠራባቸውም ከቤተሰቦቻቸው ፊት የሚያሳፍር ነገር ነበር። ይህን የሰማ ሙስሊም ልቡ ቢሻክር ማን ይፈርድበታል?

ፈተናው ታዲያ እዚህ ይጀምራል። ቁርኣን በአል-ማኢዳህ ምዕራፍ ምእመናንን ሲያዝ፣ ለአንድ ሕዝብ ያላቸው ጥላቻ ፍትሕን እስከመተው እንዳያደርሳቸው ያስጠነቅቃል፤ ፍትሕ ለአላህ ፍራቻ የቀረበ መሆኑንም ያስተምራል። ልብ በሉ! ትእዛዙ ጥላቻ ፈጽሞ አይኑርባችሁ አላለም። የተከለከለው ጥላቻው ሚዛኑን እንዲያዛባ መፍቀድ ነው። በአል-ሑጁራት ምዕራፍ ደግሞ አመፀኛ ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ ሳናጣራ ሰዎችን እንዳንጎዳና በኋላ እንዳንጸጸት ታዘናል።

ነቢያችን ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ.) በሐሜትና በቅጥፈት መካከል ያለውን ልዩነት አስተምረዋል። ሰው በሌለበት ያለበትን ነውር ማንሣት ሐሜት ነው፤ የሌለበትን መናገር ግን ቡህታን፣ ማለትም ቅጥፈት ነው። የሊምቦን የአደባባይ ንግግር ጠቅሶ «ይህ ሰው ሸሪካችን ሊሆን አይገባም» ማለት አደባባይ ለወጣ ነገር የተሰጠ የአደባባይ መልስ ነው፤ ራሱ በማይክሮፎን ለሚሊዮኖች አሰምቶታልና። ያላለውን ማውራት ግን ቡህታን ነው። እርሱ ሙስሊሞችን መበደሉ እኛን ለመቅጠፍ ፈቃድ አይሰጠንም።

«በጣም ስለምጠላው ቢሉትም ይገባዋል» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ይህ አባባል ራሱን ያጋልጣል። ይገባዋል የምንለው ቅጣት ሰውየው በሠራው ሥራ የሚመዘን ከሆነ ላልሠራው ሥራ የሚገባው ነገር የለም። ላልሠራው እንዲቀጣ ከፈለግን ግን የፈለግነው ፍትሕን ሳይሆን የነፍሳችንን እርካታ ነው።

ከአራት ወር በኋላ የመጣው ገዢ

ስለ ሚዛኑ መስተካከል የምንጨነቀው ለሊምቦ ብለን ብቻ አይደለም። የተዛባ ሚዛን በገበያ ላይ ከተቀመጠ ነገ የኛ እህል ይመዘንበታልና።

ይህ ክርክር ካለፈ አራት ወር ገደማ በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2010፣ የዚያኑ የራምስን ትልቁን ድርሻ ለመግዛት የተስማማው ማን ነበር? በፓኪስታን ላሆር ከተማ የተወለደው ሻሂድ ኻን የተባለ ሙስሊም ነበር። ኻን በ1967 የ16 ዓመት ልጅ ሳለ ምሕንድስና ለመማር ወደ ኢሊኖይ የሄደ ሰው ነው። እንደደረሰ በሰዓት 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም እየተከፈለው ሳሕን አጥቧል። በኋላም በመኪና መከላከያ ሥራ ተነሥቶ ከሀገሪቱ ታላላቅ ባለሀብቶች አንዱ ሆኗል።

እስቲ አስቡት። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት ወዲህ ዘጠኝ ዓመት እንኳ አልሞላም። በኢራቅና በአፍጋኒስታን ጦርነቱ አላበቃም። በዚህ ጊዜ ከላሆር የመጣ ሙስሊም የአሜሪካኖችን የልብ ትርታ የሆነውን ጨዋታ ቡድን ሊገዛ ነው። ከመጽሐፍ ወይም ከማንም የኢንተርኔት ገጽ የተቃረመ አንድ መሠረተ ቢስ ጥቅስ በስሙ ቢለጠፍ ምን ይሆን ነበር? እንዲህ ተደርጎበታል ማለታችን አይደለም። በሊምቦ ላይ የተሠራበት የተዛባ ሚዛን ግን ቋሚ ልማድ ቢሆን ኖሮ ቀጥሎ የሚመዘንበት እንዲህ ያለው ሰው እንደሚሆን ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ያልተጣራ ወሬ በሩቅ ሀገር የሚኖሩ ሙስሊም ቤተሰቦችን እንዴት እንደሚያሳቅቅ የዚያ ቤተሰብ አባል የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ኻን ራምስን አላገኘም፤ ምክንያቱ ግን ወሬ አልነበረም። 40 በመቶ ድርሻ የነበረው ሸሪክ የቅድሚያ መግዛት መብት ስለነበረው ቀሪውን ራሱ ገዛው። ኻን በ2011 መጨረሻ ጃክሰንቪል ጃጓርስን ገዛ፤ በ2013ም የለንደኑን ፉልሃም የእግር ኳስ ቡድን ያዘ።

ዝምተኛው ሰው

ራምስን የገዛው ሸሪክ ስታን ክሮንኬ ይባላል። ይህ ስም ለአርሰናል ደጋፊዎቻችን እንግዳ አይደለም። በ2011 የአርሰናልን ትልቁን ድርሻ፣ በ2018 ደግሞ ሙሉውን የጠቀለለው ይኸው ሰው ነው።

ክሮንኬ ከሊምቦ ጋር የሚመሳሰለው ሁለቱም የሚዙሪ ልጆች በመሆናቸው ነው። በሌላው ሁሉ ይለያያሉ። ሊምቦ ቀኑን ሙሉ ይናገራል፤ ክሮንኬ ግን ለጋዜጠኛ አንድ ቃል መስጠት የማይወድ በመሆኑ «ዝምተኛው ስታን» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። እንዲያውም ኢኖስ ስታንሊ የሚለው ስሙ ከሴንት ልዊስ የቤዝቦል ጀግኖች ከኢኖስ ስሎተርና ከስታን ሙዚያል የተወሰደ ነው። ስሙ እንኳ የከተማዋ ነበር። በኦገስት 2010 ባለቤቶቹ ሲያጸድቁለት በሊምቦ ላይ የተነሣው ዓይነት ማዕበል አልተነሣም። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ!

በጃንዋሪ 2016 ግን የሊጉ ባለቤቶች በ30 ድምፅ ለ2 ራምስ ወደ ሎስ አንጀለስ እንዲመለስ ለክሮንኬ ፈቀዱለት። ሴንት ልዊስ ያለ ቡድን ቀረች። የከተማዋ አስተዳደርና አጋሮቹ ክስ መሥርተው በኖቬምበር 2021 በ790 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ክሱ ተዘጋ፤ ቡድኑ ግን አልተመለሰም። በፌብሩዋሪ 2022 ራምስ ታላቁን ዋንጫ ሲያነሣ የደስታው ባለቤት ሌላ ከተማ ነበረች።

ለክሮንኬም ቢሆን ሚዛናችን መስተካከል አለበት። ሴንት ልዊስ ራሷ ቡድኑን ያገኘችው በ1995 ከሎስ አንጀለስ ወስዳ ነው። ሰውየው የሠራውም በሊጉ ድምፅ የተፈቀደለትን ነው። ሆኖም የከተማዋ ደጋፊዎች ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቃቸው «ቡድኑ ከኛ ጋር ይኖራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከነበረ፣ ያ ጥያቄ በ2009ም ሆነ በ2010 በሚገባው ጩኸት አልተጠየቀም። ሁሉም ጆሮውን የሰጠው ለተናጋሪው ነበርና።

በአፕሪል 2021 ደግሞ አርሰናል ከሌሎች 11 ታላላቅ ክለቦች ጋር ከነባሮቹ ውድድሮች የተለየ «ሱፐር ሊግ» ለማቋቋም መስማማቱ በድንገት ታወጀ። ደጋፊዎች ወደ ስታዲየሙ ወጥተው ተቃወሙ፤ እቅዱም በቀናት ውስጥ ፈረሰ። እነዚህ ደጋፊዎች የባለቤታቸውን ክፉ ንግግር አልሰሙም፤ ክፉ ንግግርም አላደረገምና። የተቃወሙት ለነርሱ ሳይነገር የተወሰነውን ውሳኔ ነው።

ከሁለቱ ሰዎች የምንማረው እንግዲህ አንድ ነገር ነው። በአንደኛው ላይ የሌለበት ተጨመረበት። በሁለተኛው ላይ ሊጠየቅ የሚገባው ሳይጠየቅ ቀረ። አንዱ ከልክ በላይ ተመዘነ፤ ሌላው ሚዛን ላይ አልወጣም። ሁለቱም የመጡት ከአንድ ምንጭ ነው፤ ለመፍረድ መቸኮል፣ ለማጣራት ግን መስነፍ።

ለቤታችን የሚተርፈው

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችን የኳስ ጨዋታ ይወዳሉ። የእንግሊዝ ክለቦችን ባለቤቶች ስም ከጎረቤቶቻቸው ስም ይልቅ የሚያውቁ ልጆች አሉ። «እገሌ የሚባለው ተጫዋች እንዲህ አደረገ»፣ «እገሌ የሚባለው ባለቤት እንዲህ አለ» እየተባባሉ ሲከራከሩ እንሰማቸዋለን። ይህን ክርክር እንደ ዋዛ ከምናልፈው ማስተማሪያ ብናደርገው ይበጃል። ልጅ ፍትሕን የሚማረው ትልቅ ጉዳይ ሲገጥመው ብቻ አይደለም። የሚጠላው ቡድን አጥቂ በእጁ አገባ ሲባል «አላየሁም» ብሎ መመስከርን ከለመደ፣ ነገ በፍርድ ቤት ወይም በሽምግልና ሸንጎ ላይ ያላየውን አየሁ አይልም።

ልጆቻችን ስለማንም ሰው ክፉ ወሬ ይዘው ሲመጡ ሦስት ነገር እንጠይቃቸው። መጀመሪያ፣ ይህን ማለቱን በምን አወቅህ? የት፣ መቼ፣ ለማን አለው? ሁለተኛ፣ ያለው ይህንኑ ብቻ ነው ወይስ ከፊቱና ከኋላው ሌላ ነገር አለ? ሦስተኛ፣ ይህንኑ ወሬ ስለምትወደው ሰው ቢነግሩህ ያለ ማስረጃ ትቀበለው ነበር? ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል፤ ሚዛኑ መዛባቱን የሚያሳየው እርሱ ነው።

በ2009 የሐሰት ጥቅስ ለመስፋፋት መጽሐፍ፣ አምደኛና የቴሌቪዥን አቅራቢ ያስፈልገው ነበር። ዛሬ ግን እያንዳንዳችን በኪሳችን የምንይዘው ስልክ ማተሚያ ቤት ሆኗል። ያልተነገረ ንግግር በሰውየው ድምፅና መልክ ተቀነባብሮ ሊቀርብ የሚችልበት ዘመን ላይ ደርሰናል። «እኔ አልጻፍኩትም፤ የደረሰኝን ነው ያስተላለፍኩት» የሚለው ማመካኛ አያዋጣም። የሰማውን ሁሉ የሚያወራ ሰው ይህ ድርጊቱ ብቻ ከውሸታሞች እንደሚያስቆጥረው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተምረናል።

ይህ ማለት ክፉ ለተናገረ ሰው ዝም እንበለው ማለት አይደለም። የተዋረደ ሰው «ተዋርጃለሁ» ማለት አለበት። ሸሪክ አላደርግህም ማለትም መብት ነው። የኪዋኑካ ድምፅ መሰማት ነበረበት፤ ተሰማም። ስለ አቡ ግራይብ እስረኞች የተቀለደውንም ቀልድ ልጆቻችን ማወቅ አለባቸው። ግን የተባለው በተባለበት ልክ ይነገር፤ የተሠራው በተሠራበት ልክ ይቆጠር። የምንጠላው ሰው ከኛ የሚገባው ፍቅር ላይሆን ይችላል። እውነት ግን ይገባዋል።

አላህ ለምንወደውም ለምንጠላውም በአንድ ሚዛን የምንመዝን ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።